ጌቶች ቤት ሲቀይሩ

ቤጂንግ፣ ስምንተኛው ወር፣ ቀን 18

ይድረስ ለሽማግሌዬ ለፉ ቼንሉ፣

የባሕሩ አየር ሳንባህን እንዴት አደረገው? ሳሉ ረገብ አለ ወይስ እንደ ልማድህ ሐኪሙን «ደህና ነኝ» ትልና ማታ አልጋውን ስታናውጠው ታድራለህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያው እንደምታውቀው ነው። ደብዳቤህ ዘግይቶ ደረሰኝ እንጂ መልሴ ያን ያህል አልዘገየም፤ ይቅርታ ካስፈለገ ግን ይኸው ይቅርታ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ የግቢያችን ግድግዳ ላይ «ይፈርሳል» ብለው በኖራ ጽፈዋል፤ ከመንገዱ ጫፍ ሆነህ ታነበዋለህ። አዎ፣ የአዲሱን ቤት ቁልፍ ተቀብያለሁ። ከከተማው በስተደቡብ ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም። ልጃችን ከጓንግዡ «እማዬ፣ ፈቃድ አልሰጡኝም» ብሎ ጽፎ የጭነት መኪና ተከራይቶልኛል። ሰው ሊልክ ያልቻለ መኪና ይልካል፤ እሱንም አመሰገንኩ።

ስለ ወፍህ ሦስት ገጽ ጽፈሃል። ስለ እኔ «ራስሽን ጠብቂ» የምትል አንዲት መስመር። አልተቀየምኩም፣ ስቄያለሁ። ጌቶች ወፍህ ደህና ናቸው። በእንቁላል አስኳል የታሸውን ዱቄታቸውን ይበላሉ፣ አሸዋቸው ላይ ይንከባለላሉ፣ ጠዋት በቤታቸው መሐል ያለችው መድረካቸው ላይ ወጥተው ያስተማርካቸውን አሥራ ሦስቱን ዜማ ከዶሮዋ እስከ ጭልፊቱ አንድ ሳይዘሉ ያወርዱታል። ትናንት ጓደኛህ አራተኛው ቶንግ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «እመቤት፣ እንዲህ አፉ የጠራ የባይሊንግ ወፍ ከእንግዲህ በዚህ ከተማ አይገኝም» አለኝ። «እንግዲያው ውሰደው» ልለው ነበር፤ አንተን ፈርቼ ዋጥኩት።

በመኪና እንዳይሄዱ ያልከውን ሰምቻለሁ። ከአሥራ ሦስቱ ውጭ አንድ ድምፅ ከለመዱ አፋቸው ቆሸሸ ማለት ነው፤ አፉ የቆሸሸ ወፍ የወፍ አርቢዎቹ ሻይ ቤት አይገባም፣ ባለቤቱም የሚገባበት ፊት የለውም። ይህን ከተጋባን ጀምሮ ስትነግረኝ ኖረሃል፣ ድጋሚ ባትጽፈውም አውቀዋለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ መኪና ሳይበዛ፣ የቀርከሃ ቤታቸውን በሰማያዊው ጨርቅ ሸፍኜ በእግሬ አደርሳቸዋለሁ። ቁም ሳጥኑና ድስቱ በመኪና ይሄዳሉ። ጌቶችና አሽከራቸው በእግር።

መድኃኒትህን ዋጥ፣ ምላስህ ሥር አትደብቅ።

አሮጊትህ ዩሮንግ


ቺንኋንግዳኦ፣ ስምንተኛው ወር፣ ቀን 25

ይድረስ ለዩሮንግ፣

ተኝቼ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን ታገሺው። ለምን አትደውልም እንዳትዪኝ። እዚህ ማገገሚያ ያለው ስልክ አንድ ነው፣ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ይደርሳል፣ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ መጮህ አለብኝ፣ ስጮህ ሳሉ ይነሳል። ወረቀት ይሻላል።

በእግር መሄድሽ ደግ ነው። አሁን በደንብ አንብቢ። አዲስ ቤት የገባ ወፍ ጆሮው እንደ በር ይከፈታል፣ ያን ሰሞን የሰማውን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳም። ስለዚህ ቶሎ አትግለጪው። የብስክሌት ደወል፣ የቧንቧ ጩኸት፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ጠላቱ ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ በጥጥ ብርድ ልብሶቹ መሐል አስቀምጪው፣ እንዳይታፈን በሩን ገርበብ አድርጊ። ቁም ሳጥኑን ደግሞ አልጋሽ አጠገብ አድርጊው። የፊተኛው ክፍል መስኮት ወደ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ እንዳይደርስ። እስከምመጣ እንዲህ ይቆይ።

ወፍ ብቻ ነው የሚታይህ አትበይኝ። ከአሥራ ሦስቱ አንዱ የውሃ ጋሪ መንኮራኩር ነው። ያን ጋሪ እኔ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ የዛሬ ልጆች ስሙንም አያውቁት። ያ ጩኸት ከወፍ ወደ ወፍ ሲተላለፍ ኖሮ የቶንግ አሮጌ ወፍ ዘንድ ደረሰ፣ የኔን ሦስት ዓመት ከሱ ጎን አስቀምጬ አስተማርኩት። የቶንግ ሞተ። አሁን የኔ ብቻ ቀርቷል። ሰፈራችንም እየፈረሰ ነው።

ከጎኔ የነበረው ሰውዬ አልጋ ባዶ ሆኗል። ነርሷን ጠየቅኋት፣ «ሄዱ» አለችኝ። የት እንደሄደ አልጠየቅሁም። በአንደኛው ወር በአዲስ ዓመት በዓል ወፌን ይዤ ሻይ ቤት መግባት ካልቻልኩ ከዚህ ወጥቼስ ምን ላደርግ ነው? የሚጠብቀኝ እሱ ነው። ሌላ ምን አለኝ?

ራስሽን ጠብቂ።

ቼንሉ


ቤጂንግ፣ ዘጠነኛው ወር፣ ቀን 14

ለቼንሉ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ጽሕፈቴ የተጣመመው ጠረጴዛው ገና ስላልተገጣጠመ ነው፤ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ገብተናል። ጌቶች አንዲት ላባ አልጎደለባቸውም። በመንገድ ላይ ድምፃቸውን አላሰሙም፣ ጥሩምባም አልሰሙም። አንድ የመንገድ ጠራጊ ብቻ «ምን ይዘሻል አሮጊት፣ ከጨርቁ ሥር?» ሲለኝ «ባሌን» አልኩት። ደረጃው ብዙ ነው፣ አምፖልም አልተደረገለትም። ስለ ደረጃው ሌላ ጊዜ።

እንዳልከው ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ቁም ሳጥኑም አልጋዬን ተጠግቷል። ሻይ ቤቱ በአዲሱ ሰፈር አለ ወይ ያልከኝን አላየሁም። ገና ከቤት አልወጣሁም፣ ዕቃ ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል። ምድር ቤት የምትኖር እማማ ቺያኦ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፣ በየቀኑ የሩዝ አጥሚት ይዛልኝ ስድስት ፎቅ ትወጣለች። «ምን አስቸገረሽ?» ብላት «ብቻዬን ከምበላ» አለችኝ። ጆሮዋ ከበድ ይላል፣ ስለዚህ አንከራከርም። ትወዳታለህ።

ደክሞኛል ቼንሉ። ቤት መቀየር የወጣት ሥራ ነው። የድሮው ግቢ በር ላይ ያለችውን ዛፍ ቆረጧት ወይ ብለህ ጠይቀሃል፤ እኔ ስወጣ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላውቅም።

ዩሮንግ


ቺንኋንግዳኦ፣ ዘጠነኛው ወር፣ ቀን 22

ለዩሮንግ፣

አራተኛው ቶንግ ጽፎልኛል። ሊጎበኝሽ መጥቶ በሩን እንዳልከፈትሽለት፣ ከውስጥ ሆነሽ «እየታጠብኩ ነው፣ ሌላ ቀን ና» እንዳልሽው። እሺ፣ ይሁን። ግን ከበሩ ውጭ ቆሞ ወፌን ሰምቶታል። «ወንድም ቼንሉ፣ አዝናለሁ፣ ቆሽሿል» ይላል። አንዲት ቃል። ምን ድምፅ ነው ብዬ ብጠይቀው «ያንን እመቤቷን ጠይቃት፣ እኔ ልጽፈው አይገባኝም» አለኝ።

ምንድነው? ጥሩምባ ነው? ቧንቧ ነው? ሴትዮዋ በሳህን በሩን ትመታለች እንዴ? ገለጥሽው? ሳትገልጪው መስኮት አጠገብ አወጣሽው? ፀሐይ ያግኝ ብለሽ አዝነሽለት ይሆናል፣ አውቅሻለሁ፣ የምታዝኚው ማዘን በሌለብሽ ቦታ ነው።

ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ ምን ይሰማል? ንገሪኝ እንጂ! እዚህ ተኝቼ የማስበው ሌላ ነገር የለም። ሐኪሙ ትናንት «ምን አናደደህ፣ ልብህ ይሮጣል» አለኝ። በመልስ ፖስታ ጻፊልኝ።

ቼንሉ


ቤጂንግ፣ ዘጠነኛው ወር፣ ቀን 28

ለቼንሉ፣

ጥሩምባ አይደለም። ቧንቧም አይደለም። እማማ ቺያኦ በእጇ ነው የምታንኳኳው፣ እሱም ቀስ ብላ። አልገለጥኳቸውም፣ መስኮት አላወጣኋቸውም። ያልከውን ሁሉ አንድ በአንድ አድርጌያለሁ።

የተቀረውን ስትመጣ ብነግርህ አይሻልም? አትናደድ። ወፍ ነው፣ ወፍ የሰማውን ይናገራል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራስህ የተመለጠውን አንተም ሳታውቅ ነው፣ ወፉን ብቻ አትኮንን።

ስለ ክረምቱ ካፖርትህ፦ ሳጥኑ ገና አልተፈታም። ጎንበስ ስል ያመኛል። አገኘዋለሁ።

ዩሮንግ


ቺንኋንግዳኦ፣ አሥረኛው ወር፣ ቀን 4

ለዩሮንግ፣

እንግዲህ ልትነግሪኝ ካልፈለግሽ ተይው። አባቴም አያቴም ወፍ አርብተዋል። በፉ ቤት አፉ የቆሸሸ ወፍ አድሮ አያውቅም፣ በኔም ዘመን አያድርም። አባቴ አንዱን የሚወደውን ወፍ የፈረስ ጋሪ ጅራፍ ቢለምድበት በዚያው ቀን ለአላፊ አግዳሚ ሰጥቶታል። እያለቀሰ ነው የሰጠው፣ ግን ሰጥቷል።

ከመምጣቴ በፊት ለሰው ስጪው። ለማን እንደሰጠሽው አትንገሪኝ። የቀርከሃ ቤቱንም አብረሽ ስጪ፣ ባዶውን ማየት አልፈልግም።

ስለዚህ ወፍ ከእንግዲህ አንጻጻፍ።

ቼንሉ


ቤጂንግ፣ አሥረኛው ወር፣ ቀን 10

ለቼንሉ፣

እሰጠዋለሁ። ነገ ጠዋት። ከመስጠቴ በፊት ግን ምን እንደለመዱ እነግርሃለሁ፣ ቶንግ አፍሮ ያልጻፈውን። ከዚያ ወዲያ አንጻጻፍበት።

የገባን ዕለት አምስተኛውን ፎቅ አልፌ ነበር። ደረጃው ጨለማ ነው ብዬህ የለ። አንዱን ደረጃ ሳትኩት። በሁለቱም እጆቼ ጌቶችን ይዤ ስለነበር ግድግዳውን የምይዝበት እጅ አልነበረኝም። ልጥላቸው እችል ነበር። ወደ ላይ አነሳኋቸውና በዳሌዬ ወደቅሁ። እንደወደቅሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ጨርቁን ገልጬ እነሱን ማየት ነው። ደህና ነበሩ፣ ተቆጥተው አዩኝ። እማማ ቺያኦ ናት ያገኘችኝ። ወጌሻ አመጣችልኝ፣ አጥንቱ አልተሰበረም፣ ተሰንጥቋል፣ ተኚ አለኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተኝቻለሁ። ጠረጴዛው አልተገጣጠመም ያልኩህ ውሸት ነው። ለቶንግ ያልከፈትኩት እየታጠብኩ ሆኜ አይደለም፣ መነሳት አቅቶኝ ነው። አሁን በምርኩዝ እስከ ወጥ ቤቱ እደርሳለሁ።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። ሳንባህን ይዘህ እንዳትመጣ ብዬ ነው፣ ይህ አንዱ ነው። ሌላውንም ልንገርህ፣ ደክሞኛልና መደበቅም ይደክማል። ወድቄ ነበር ብዬ ብጽፍልህ በመልስህ መጀመሪያ «ወፉስ?» እንዳትለኝ ፈራሁ። «የሚጠብቀኝ እሱ ነው፣ ሌላ ምን አለኝ» ያልክበት ደብዳቤ ትራሴ ሥር ነበር።

አልጋዬ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ነው፣ እንዳዘዝከው። የቁም ሳጥኑ በር ገርበብ ብሏል፣ እንዳዘዝከው። ሌላ ድምፅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ስገላበጥ «ኧኧህ… እናቴን» እላለሁ፣ ከአንጀቴ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ሰው ሲመጣ እውጠዋለሁ፣ ብቻዬን ስሆን እለቀዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ጌቶች ዶሮዋን አሉ፣ ድመቷን አሉ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ኧኧህ… እናቴን» አሉ። ራሴን ሰማሁት። ከዚያ የውሃ ጋሪውን ቀጠሉ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ዳሌዬን ስላመመኝ አቃሰትኩ። እነሱም ደገሙልኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፣ የኔን ወፍ አወጣው።

ይኸው ነው ቆሻሻው። ፖስታውን እማማ ቺያኦ ትወስድልኛለች፣ ወፉንም አብራ።

ዩሮንግ


ቺንኋንግዳኦ፣ አሥረኛው ወር፣ ቀን 15

ለዩሮንግ፣

ዳሌሽ እንዴት ነው? ወጌሻው ማን ነው፣ ያውቃል? ቅባት ሰጠሽ? ሌሊት በየትኛው ጎንሽ ትተኛለሽ? ውሃ ማን ያቀብልሻል፣ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ? ለልጁ ጽፌለታለሁ፣ ፈቃድ ይከልክሉት አይከልክሉት ይምጣ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ግቢው ወዳለው አግዳሚ ወንበር ወጣሁ። ያን ድምፅ ልሰማው ሞከርኩ። በጆሮዬ ማለቴ ነው፣ እንደ ወፍ ሰው። ዓይኔን ብጨፍን አሥራ ሦስቱን ከነትንፋሹ እሰማቸዋለሁ፣ የቶንግ ወፍ ጭልፊቱ ላይ እንዴት እንደሚያሳጥረው፣ የኔ እንዴት እንደሚያስረዝመው። ያንቺ ማቃሰት ግን አልመጣልኝም። የስንት ዓመት ባልና ሚስት ነን ዩሮንግ? ልጁን ስትወልጂ ከበሩ ውጭ ነበርኩ። እናትሽ ስትሞት ነበርኩ። ከሰሉን በቅርጫት እየተሸከምሽ ግቢውን ስታቋርጪ እዚያው ወንበሬ ላይ ነበርኩ። አንድም ጊዜ አልሰማሁም። አፈርኩ። አንድ ሽማግሌ መጥቶ «ምን ሆነህ ታለቅሳለህ፣ የምርመራ ውጤትህ መጣ እንዴ?» አለኝ። «ሚስቴ ወድቃ ነበር» አልኩት። «መቼ?» አለኝ። «ከወር በፊት፣ እኔ አሁን ሰማሁ» አልኩት።

ወፉን አትስጪው። ለአባቴ እኔ እመልስለታለሁ። ፉ ቤት አፉ የቆሸሸ ወፍ ይደር። ሻይ ቤቱም ይቅር፣ ቶንግም የፈለገውን ይበል። ሰጥተሽው ከሆነም ሂጂና፣ አይ፣ አትሂጂ፣ ሰው ላኪና አስመልሺው። ያን ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ። እሱ ዘንድ ብቻ ነው ያለው።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ቼንሉ


ቤጂንግ፣ አሥረኛው ወር፣ ቀን 20

ለሽማግሌዬ ለቼንሉ፣

በግራ ጎኔ ነው የምተኛው። ወጌሻው ያውቃል። ውሃው ከራስጌዬ አለ። የደብዳቤህን መጀመሪያ ለእማማ ቺያኦ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሰምታው ሳለ «አልሰማሁም፣ ድገሚው» አለችኝ፣ ሦስቴ።

ወፉን ሰጥቻለሁ። ለማን እንደሆነ አትንገሪኝ ብለሃል፣ አሁን ግን ሕግህ ፈርሷልና ልንገርህ፤ ለእሷው ነው። ምድር ቤት መስኮቷ ላይ ሰቅላቸዋለች፣ ያለ ጨርቅ። ጆሮዋ ከበድ ስለሚል አሥራ ሦስቱን ብዙም አትሰማም፣ ማቃሰታቸውን ግን ትሰማዋለች። «ቢያንስ አብሮኝ የሚያቃስት አገኘሁ» ትላለች። ጌቶች ብስክሌትም ጥሩምባም መልመድ ጀምረዋል አሉ። ደስ ብሏቸዋል።

አስመልሺው ያልከኝን አስቤበታለሁ። ብጠይቃት አትከለክለኝም። አልጠይቃትም። ያን ድምፅ ከወፍ አፍ እንድትማረው አልፈልግም ቼንሉ። እሱ ዘንድ ብቻ ነው ያለው ብለሃል፤ ተሳስተሃል፣ የድምፁ ባለቤት እዚህ አለች። ሐኪሙ ሲፈቅድልህ ና። ስድስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል፣ በሩ አይቆለፍም። በየፎቁ እያረፍክ ውጣ።

ዩሮንግ